የኮሮላዬ የፊት ፍሬን፦ ባለ መስመሩ ዲስክ የቱ ግራ፣ የቱ ቀኝ?

ዓርብ ማታ

ዲስኮቹ ቤት ገቡ። ሶማሌ ተራን ከላይ እስከ ታች ካዳረስኩ በኋላ ጥንዱን ከነሸራው (ዲስኩን ከሁለት በኩል ቆንጥጦ ከሚያቆመው) ገዛሁ። መኪናዋ የ2010 ስሪት ኮሮላ ናት፤ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ድራም። የፊቱ ዲስክ አዲስ ሲሆን 22 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ ከ19 በታች እንዳይወርድ ደግሞ ራሱ ብረቱ ላይ ተጽፎበታል። አሮጌው በማይክሮሜትር ሲለካ 19.3 ሆነ። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጡ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም፤ ላጭቶ ሲጨርስ የሚተርፈው ለመጣል የሚበቃ ብቻ ነው።

ለምን ባለ መስመር፣ ፊቱ ላይ ቦይ የመሰለ መስመር የተቆረጠበት? በዓመት ጥቂት ጊዜ ቤተሰብ ጥየቃ ደብረ ማርቆስ እንሄዳለን፤ ያ ማለት ጎሃ ጽዮን ላይ ደርሶ ዓባይ በረሃን መውረድ ነው። ባለፈው ጉዞ ቁልቁለቱ መሃል ላይ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ፔዳሉም እግሬን ይመታኝ ነበር። ሲፈታ የዲስኩ ፊት ሰማያዊና ቡናማ ሆኖ ተጠብሷል፣ ሸራውም እንደ መስታወት አንጸባርቋል። መስመሩ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፦ ሸራው በተነካ ቁጥር ያንን የተቃጠለ ስስ ገጽ ይልጠዋል፣ አቧራና ውሃ መሸሻ ያገኛል። ዋጋውም አለው፤ ሸራ ትንሽ ቶሎ ይበላል፣ ድምፅም ያሰማል።

ባለ ቀዳዳውንም አውጥተው አሳይተውኝ ነበር። ያምራል፣ አልክድም። ፖርሽ ከፋብሪካው ባለ ቀዳዳ እያወጣ ስንት ዘመኑ። ግን ሱቁ ውስጥ ባትሪ አብርቼ በቀዳዳዎቹ አሾለቅኩ፤ ግማሾቹ ወዲያ ማዶ ያሳያሉ፣ ግማሾቹ በዲስኩ ሁለት ፊት መሃል፣ የአየር መሄጃው ውስጥ ያለውን ክንፍ ሸርፈው አልፈዋል። የት እንደሚያርፍ ሳይታሰብ የተበሳ ነው ማለት ነው። ብረቱ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ሲከርም ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳ ጠርዝ ነው፤ ለዓባይ ቁልቁለት ይህን አልመርጥም። ድሮ ቀዳዳው ያስፈለገው የዚያን ዘመን ሸራ ሲግል ጋዝ ይተፋ ስለነበር ነው፤ የዛሬው ሸራ ያን ያህል አይተፋም።

ቅዳሜ ጠዋት

ሥራው ገና ሳይጀመር ጥያቄ መጣ። አንዱ ካርቶን ላይ «ኤል» ተለጥፏል፣ ግራ መሆኑ ነው። ውስጡ ያለው ዲስክ ላይ ግን ጎማ የሚያርፍበት ቆብ ላይ «አር» ተፈልፍሏል። ሌላኛው ካርቶን የዚህ ግልባጭ። የካርቶኑ ፕላስተር ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ይመስላል፤ ለደንበኛ ሊያሳዩ አውጥተው ሲመልሱ ተቀያይሯል ብዬ ገመትኩ። ካርቶን ይቀያየራል፣ ብረት ላይ የተፈለፈለ ግን አይቀያየርም። ቢሆንም ፍልፍሉ ራሱ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ አለብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጻፍ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል። ግራና ቀኝ የሚባለው ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት እያዩ ነው። መኪናዋ ፊት ቆሞ ሞተሯን እያዩ ከሆነ ይገለበጣል። አንዳንድ ካርቶን ላይ ደግሞ «የሾፌር በኩል» ተብሎ ይጻፋል፤ ዕቃው የተመረተው መሪ በቀኝ ለሆነበት አገር ከሆነ፣ ለጃፓን ወይም ለአውስትራሊያ፣ የእነሱ ሾፌር በኩል የእኛ ተሳፋሪ በኩል ነው። «ሾፌር» ከሚል ጽሑፍ ይልቅ ግራና ቀኝ የሚለውን ማመን ይሻላል፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ብረቱን።

ብረቱን እንዲህ አየሁት። የግራ ጎማ ከውጭ ቆመው ሲያዩት መኪናዋ ወደ ፊት ስትሄድ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል፤ የቀኙ እንደ ሰዓት ቆጣሪ። ይህን ማስታወስ የሚከብደው ሰው አንድ ነገር ብቻ ይያዝ፦ የዲስኩ አናት ሁልጊዜ ወደ መኪናዋ ፊት ነው የሚሄደው። ዲስኩን አቁሞ አናቱ ላይ ያለውን መስመር ማየት፣ ከዚያ «ይሄ ወደ ፊት ሲሄድ የቱ ጫፍ ነው ሸራው ሥር መጀመሪያ የሚገባው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከዲስኩ ጋር የመጣችው ወረቀት ላይ ሥዕል አለ። በሥዕሉ መሠረት መጀመሪያ የሚገባው የመስመሩ የውስጥ ጫፍ ነው፣ ወደ ሞዞው (ዲስኩና ጎማው ወደሚታሰሩበት መሃል) የቀረበው፤ የውጩ ጫፍ ተከትሎ ይገባል። እናም አናቱ ላይ ሲታይ መስመሩ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ወደ መኪናዋ ኋላ ያጋድላል። «አር» የተፈለፈለበትን ቀኝ በኩል ይዤ ሳየው ልክ እንደዚያ ነው። ካርቶኑ ውሸታም፣ ፍልፍሉ እውነተኛ ሆነ።

ገልብጬ የውስጥ ፊቱንም አየሁ፤ ይህን ብዙ ሰው አያየውም። አንድ ዲስክ ሁለት ፊት አለው። ሁለቱም ፊት ላይ መስመሩ በአዟዟሩ ሲታሰብ ወደ አንድ አቅጣጫ መጥረግ አለበት፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ይዘው ሲያዩዋቸው አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ሆነው መታየት አለባቸው። ሁለቱም ፊት ሲታይ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ማሽኑ ላይ ገልብጠው በዚያው ፕሮግራም ቆርጠውታል ማለት ነው፤ የዚያ ዲስክ አንዱ ፊት በየትኛውም በኩል ቢገጠም ተቃራኒ ነው። የእኔዎቹ ደህና ናቸው። በሁለቱ ፊት ያሉት መስመሮችም ጀርባ ለጀርባ አልገጠሙም፣ ተዘዋውረው ነው የተቆረጡት፤ ብረቱ አንድ ቦታ እንዳይሳሳ።

ቅዳሜ ረፋድ

የሰፈራችን መካኒክ ቡና ጠጥቶ ሲመለስ በር ላይ አገኘኝ። የዘይት ጣሳ ላይ ተቀምጦ ዲስኩን አገላብጦ አየና «ተገልብጦብሃል» አለኝ።

«የቱ ጋሼ?»

«መስመሩ ወደ ፊት ነው ማጋደል ያለበት። እንደ ማንኪያ አየር እየቀዘፈ ያስገባል።»

ሻጩም እንዲህ ነበር ያለኝ። ይህ አባባል ከየት እንደተነሳ ይገባኛል፤ ዲስኩን ሲያዩት መስመሩ ነው ዓይን የሚገባው፣ ስለዚህ አቅጣጫውን የሚወስነው እሱ ይመስላል። መስመሩ ግን ጥልቀቱ ከሚሊሜትር ብዙም አይዘልም፤ ሸራው ደግሞ ከላይ ይከድነዋል። አየር የሚያስገባ ነገር የለውም። አየር የሚሄደው በሁለቱ ፊት መሃል ባለው ክፍተት ነው፣ በክንፎቹ መካከል። ዲስክን ግራና ቀኝ የሚያሰኘው ዋናው ነገር እነሱ ናቸው።

ይህን ስለው ተነሣ፣ ከጓሮው የብረት ክምር አንድ የዛገ ትልቅ ዲስክ ጎትቶ አመጣ፤ ከአንድ የጀርመን መኪና የወረደ ነው አለ። ከጠርዙ ወደ ውስጥ ሳይ ክንፎቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፣ ከመሃል ወደ ውጭ ሲወጡ ይታጠፋሉ። ይህ ዓይነቱ ዲስክ ፓምፕ ነው። ሲዞር ከመሃል አየር ይስብና በክንፎቹ እየገፋ በጠርዙ ይተፋል። በትክክል ሲገጠም አናቱ ላይ ያለው ክንፍ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲወጣ ወደ መኪናዋ ኋላ መታጠፍ አለበት፤ የውጭ ጫፉ ወደ ኋላ ይቀራል። ብዙ ሰው በደመ ነፍስ የሚገምተው የዚህን ተቃራኒ ነው። ይህ ዲስክ ላይ መስመር ቢኖር እና የመስመሩ አጋደል ከክንፉ ጋር ቢጣረስ፣ የሚታመነው ክንፉ ነው፤ መስመሩ የፈለገውን ይምሰል።

ከጎናችን ያለው ጎሚስታ የጎማ ማመጣጠኛ ማሽን አለው። የዛገውን ዲስክ አስረን አዞርነው፣ እኔ ቤት ገብቼ እጣን አጭሼ አመጣሁ (እናቴ «ምን ልታደርጉ ነው?» ብላ ተከትላኝ ወጣች)። ማሽኑ መንገድ ላይ እንዳለ ጎማ አይፈጥንም፤ በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት የኮሮላ ጎማ በደቂቃ ከ800 ጊዜ በላይ ይዞራል። ግን በዚያ ቀርፋፋ ዙርም ጢሱ መሃል ሲደርስ ጎበጥ ብሎ ገባና በጠርዙ ተበተነ። ገልብጠን ስናስረው አሁንም ተሳበ፣ ግን ሰነፍ ሆነ። ሳይንስ ነው አልልም፤ መካኒኩ ግን ዝም ብሎ እያየ ቆየና «እኔ እኮ ስንቱን ገልብጬ ገጥሜያለሁ መሰለህ፣ ማንም ተመልሶ አልመጣም» አለ። አይመጣማ። ተገልብጦ ቢገጠምም መኪናው ይቆማል፣ ከተማ ውስጥ ልዩነቱን የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው፣ እዚያም ሰው ዲስኩን ሳይሆን ሸራውን ነው የሚረግመው።

የእኔው ኮሮላስ? ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከመሃል ወደ ውጭ እንደ ጨረር። በግራም በቀኝም አየሩን እኩል ይተፋሉ። ስለዚህ ማቀዝቀዝን በተመለከተ የኔዎቹ ቢቀያየሩም ለውጥ የለውም፤ የሚቀረው የመስመሩ ጠረጋና ድምፁ ነው። በመስመሩ አቅጣጫ ላይ አምራቾቹ ራሳቸው አይስማሙም፣ አንዱ የውስጡን ጫፍ ያስቀድማል ሌላው የውጩን። የገዛሁት ዕቃ አምራች ምን አለ የሚለውን መከተል ነው። እሱ ሥዕል ልኳል፤ በሥዕሉ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት

መፍታት። የጎማ ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለች ላላ አድርጌ በክሪክ አነሣሁ፣ ማቆሚያ ብረት ከሥሯ አስገባሁ። ክሪክ ብቻውን የሚያምን ሰው አለ፤ እኔ አይደለሁም።

ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) በ14 ቁልፍ፣ ተሸካሚው (ካሊፐሩ የሚታሰርበት) በ17 ይፈታል። ካሊፐሩን በቱቦው አላንጠለጠልኩም፣ ከስፕሪንጉ ጋር በሽቦ አሰርኩት። የድሮው ዲስክ ሞዞው ላይ በዝገት ተጣብቆ እምቢ አለ። መዶሻ የሚያነሣ ሰው ብዙ ነው፤ ቶዮታ ግን ዲስኩ ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ትቷል፣ 8 ሚሊሜትር ቡሎን ይወስዳሉ። ሁለት ቡሎን አስገብቶ ተራ በተራ ማጥበቅ፤ ዲስኩ ራሱን ገፍቶ ይወጣል። ኩሽኔታውም ከድብደባ ይተርፋል።

ሞዞውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ጠረግኩት። ከሁሉም ጊዜ የፈጀው ይህ ነው፣ የሚያዋጣውም ይህ ነው። ሥሩ የቀረች አንዲት የዝገት ቅርፊት ዲስኩን ታዛባለች፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ መዛባቱ ይበዛል፣ ከጥቂት ሺህ ኪሎሜትር በኋላ ያው መንቀጥቀጥ ይመለሳል።

አዲሱ ዲስክ ዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩ፣ መስመሮቹን በጥርስ ብሩሽ። መካኒኩ ቤንዚን ሰጥቶኝ ነበር፤ ቤንዚን የራሱን ቅባት ይተዋል፣ አመስግኜ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ዲስኮቹን አስገባሁ፣ «አር» ቀኝ፣ «ኤል» ግራ። እያንዳንዱን በእጄ ወደ ፊት አዙሬ የውስጥ ጫፉ ቀድሞ ሲገባ አየሁ። የካሊፐሩን ፒስተን በትንሽ ሞርሳ ቀስ ብዬ መለስኩ፣ መንሸራተቻ ፒኖቹን በሲሊኮን ግሪስ ቀባሁ። ተራ ግሪስ የፒኑን መሸፈኛ ላስቲክ ያሳብጠዋል፣ ፒኑ ይያዛል። ካሊፐሮቹም ግራና ቀኝ አላቸው፤ የአየር ማስወጫዋ ጡት ሁልጊዜ ከላይ መሆን አለባት። ከታች ከሆነች አየሩ ከላይ ተቀምጦ ይቀራል፣ ቀኑን ሙሉ ቢረገጥ አይወጣም።

ቅዳሜ ማምሻ

የመዛባት ልኬት። ዲስኩን በዳዶዎቹ አጥብቄ ዳያል ጌጅ (ዲስኩ ሲዞር ስንት እንደሚወላገድ የሚያሳይ መለኪያ) ከጠርዙ ወደ ውስጥ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ላይ አሳረፍኩ። ግራው 0.03 ሚሊሜትር። ቀኙ 0.08፤ የተፈቀደው 0.05 ነው። ዲስኩን አውጥቼ በአንድ ቡሎን ቦታ ያህል አዙሬ መለስኩት፦ 0.04። ሞዞውና ዲስኩ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ መዛባት አላቸው፤ አንዱ ሌላውን እንዲያጣፋ ማዘዋወር ነው። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ ብርቅ ነው፣ ለዚህም ነው አዲስ ዲስክ ገጥሞ «ጥራት የለውም» የሚል ሰው የበዛው።

ማጥበቅ፦ ተሸካሚው 107፣ የካሊፐሩ ቡሎኖች 34፣ ጎማው 103 ኒውተን ሜትር፣ ሁሉም በቶርክ ሬንች፣ ጎማው በመስቀል አካሄድ።

የፍሬን ዘይቱም ይቀየር ብዬ ወሰንኩ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ደረጃ ንጹሕ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ እርጥበት ሲገባው መመዘኛው ወደ 140 ይወርዳል፤ ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ቁልቁለት ላይ ፔዳል ወለል ድረስ የሚገባው በአብዛኛው በዚህ ነው፣ ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሲሆን። ያንን ደግሞ የትኛውም መስመርና ቀዳዳ አያድንም። ዶት 4 ገባ። ባለቤቴ ፔዳሉ ላይ፣ እኔ ጎማው ሥር፦ «ርገጪ! ያዢ! … ልቀቂ።» ከመሪው የራቀው ጎማ ቀድሞ። የወጣው ዘይት የሻይ ቀለም ነበረው። መጨረሻ ላይ «ልቀቂ» ሳልል ለቀቀችና አንዱን ጎማ ከመጀመሪያው ደገምነው፤ የኔ ድምፅ እንደማይሰማ ነው የተከራከረችኝ።

እሁድ ንጋት

ማለማመድ። ከእንጦጦ ወዲያ፣ ሱሉልታ ሜዳው ላይ፣ መንገዱ ባዶ ሳለ። ከ60 ኪሎሜትር እስከ 15 ገደማ ጠንከር አድርጎ መቀነስ፣ ሳይቆሙ እንደገና ማፍጠን፣ መደጋገም። ዓላማው ከሸራው ስስ ንብርብር ዲስኩ ላይ እኩል እንዲለጠፍ ነው። በዚህ መሃል ፔዳሉን ረግጦ ፈጽሞ መቆም ክልክል ነው፤ የጋለ ሸራ አንድ ቦታ ላይ ቅርጹን አትሞ ይቀራል፣ መንቀጥቀጡም ከዚያ ይጀምራል። ስጨርስ ትንሽ ሸተተ፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። ፍሬን ሳልነካ ብዙ መንገድ ነድቼ አቀዘቀዝኩት።

ድምፁ አለ። በዝግታ ስረግጥ «ሹርርር» ይላል፣ መስኮት ከተከፈተ ብቻ ይሰማል። መካኒኩ ሲሰማ «ምን የመሰለ መኪና አስጮህከው» አለ።

ከጉዞ መልስ

ደብረ ማርቆስ ደርሰን ተመለስን። ጎሃ ጽዮን ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በአጭር መንገድ ወደ 1,400 ሜትር መውረድ ነው። ሰውና ጓዝ ጨምሮ 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና በዚያ ቁልቁለት ወደ 20 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ወደ ሙቀት መቀየር አለባት። ሁሉንም ፍሬን ቢሸከመው እና ሁለት ሦስተኛው ለፊት ሁለት ዲስኮች ቢደርስ፣ አየር ባያቀዘቅዛቸው እያንዳንዳቸው ከሚቀልጡበት ሙቀት አልፈው ይሄዱ ነበር፤ የዲስክ ብረት 1,200 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። ክንፎቹ ምን እንደሚሠሩ ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ ሒሳብ አላገኘሁም። ቀሪውን ሞተሩ ይሸከም፤ የጭነት ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ይኸው ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ወረድኩ፣ ፍሬኑን ይዤ አልቆየሁም፣ ነካ አድርጌ እለቅ ነበር።

ድልድዩን አልፈን ጥግ ይዘን ስንቆም በጨረር ቴርሞሜትር ለካሁ፦ ግራ 188፣ ቀኝ 196 ዲግሪ። ልዩነቱ ከነፋሱም ከካሊፐሩም ሊመጣ ይችላል፣ አላሳሰበኝም። መሪው አልተንቀጠቀጠም። ፔዳሉ ከላይ እስከ ታች ቁመቱን አልቀየረም፤ ይህንን ከዲስኩ ይልቅ ለዘይቱ ነው የምሰጠው። ደጀን አቀበት ላይ ዝናብ ያዘን፣ እርጥብ ዲስክ ላይ የመጀመሪያው ረገጣ ከድሮው ቶሎ ያዘ። ይህኛውን ለመስመሩ እሰጣለሁ።

ቤት ስደርስ ጎማዎቹን አወረድኩ። የሸራው ገጽ አመድማ፣ ወጥ፣ ያላንጸባረቀ። የዲስኩ ሁለቱም ፊት አንድ ቀለም። ዳዶዎቹን ደግሜ 103 ላይ አጠበቅኩ።

አሮጌዎቹን ዲስኮች ቁራሌው ወሰዳቸው። የዛገውን ባለ ጠማማ ክንፍ ዲስክ ግን መካኒኩ አልሸጠም፤ ቀዩን ቀለም ይዞ አናቱ ላይ ወደ ኋላ የሚያመለክት ቀስት ሣለበት፣ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀለው። ልጆቹ ሲሳሳቱ በጣቱ እያመለከተ ይቆጣቸዋል።

የሚቀጥለው የኋላው ድራም ነው። የእጅ ፍሬኑ ብዙ እየተጎተተ ነው የሚይዘው፤ ሸራው ይታይ፣ ሲሊንደሩም ላብ የመሰለ እርጥበት አለው።